ሥዕል የመሰለው የባሕር አረም

የአና አትኪንስን ሥራዎች መጀመሪያ ያየ ሰው ሥዕል ነው የሚመስለው። ደማቅ ሰማያዊ መደብ፣ እላዩ ላይ እንደ ፀጉር የቀጠነ ነጭ ነገር ተዘርግቶ። ነገሩ ግን የባሕር አረም ነው፤ ያውም ለሳይንስ መዝገብ ተብሎ የተነሣ ፎቶ።

እንግሊዛዊቷ አትኪንስ (1799–1871፣ ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ለዚህ ሥራ ካሜራ አላስፈለጋትም። የተጠቀመችው እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ጆን ሄርሸል በ1842 የፈለሰፈውን፣ ሳይኖታይፕ የሚባለውን የፎቶ ዘዴ ነው። ወረቀቱ የብረት ጨዎች ያሉበት ፈሳሽ ይቀባና ጨለማ ውስጥ ይደርቃል። ተክሉ እላዩ ላይ ይነጠፋል፣ መስተዋት ይጫነዋል፣ ከዚያ ፀሐይ ላይ ማስጣት ነው። በመጨረሻ በውሃ ይታጠባል። ብርሃን ያገኘው ቦታ ሰማያዊ ይሆናል፣ ተክሉ የጋረደው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ቅጠሉ ሳሳ ያለበት ቦታ ትንሽ ብርሃን ስለሚያሳልፍ ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ይወጣል፤ ወረቀቱን በደንብ ካልነካ ደግሞ ጠርዙ ይደበዝዛል። ፎቶዎቹን ቀረብ ብሎ ማየት የሚጥመው ለዚህ ነው።

ስለ ብሪታንያ አልጌዎች (የባሕር አረም የእነዚህ ወገን ነው) የሠራችው መጽሐፍ የመጀመሪያ ክፍል በ1843 ወጣ፤ እስከ 1853 ድረስም እየጨመረችበት ሄደች። በፎቶ የተሠራ የመጀመሪያው መጽሐፍ የሚባለው ይኸው ነው። መሳል አቅቷት እንዳይመስላችሁ፤ አባቷ ለተረጎመው የዛጎል መጽሐፍ ከ200 በላይ ሥዕሎች ሠርታለች። በመግቢያዋ ላይ እንዲህ ያሉ ደቃቅ ነገሮችን በትክክል መሳል አስቸጋሪ መሆኑን ትናገራለች፤ እዚያው ላይ ግን የሄርሸልን ዘዴ «ውብ» ትለዋለች።

«ጥበብ ያደረግነው እኛ ነን እንጂ እሷ አላሰበችውም» የሚሉ አሉ። እኔን ብዙም አያሳምነኝም። የርዕሱን ገጽ እዩት፤ ፊደሎቹ ከአረም ክሮች የተሠሩ ናቸው። ዝርያ ለመለየት ይህ ምን ይጠቅማል?

የጀርመኑ ካርል ብሎስፌልት ነገር ደግሞ ተገላቢጦሽ ነው። በርሊን ውስጥ የጥበብ ትምህርት ቤት አስተማሪ ነበር፤ ፎቶዎቹም ተማሪዎቹ ከዕፅዋት ቅርጽ እንዲማሩ የተዘጋጁ መሣሪያዎች ናቸው። በጣም አጉልቶ ሲያነሣው ፈርን የሚባለው ተክል የተጠቀለለ ቡቃያ የካቶሊክ ጳጳስ በትር ይመስላል። በ1928 መጽሐፉ ሲወጣ ሰው የተቀበለው ግን እንደ ራሱን የቻለ ጥበብ ነበር።

ከሁሉም የሚያከራክረው በአሜሪካ የቬርሞንት ግዛት ገበሬ የነበረው ዊልሰን ቤንትሊ ነው። የመጀመሪያውን የበረዶ ቅንጣት ፎቶ ያነሣው በጥር 1885 ሲሆን፣ በዕድሜው ከ5,000 በላይ አነሣ። ቅንጣቱ ጎልቶ እንዲወጣ ከኔጌቲቩ (ፎቶው ከሚታተምበት፣ ጨለማና ብርሃኑ ከተገለባበጠው ምስል) ላይ ዙሪያውን በስለት እየፋቀ መደቡን ጥቁር ያደርገው ነበር። ጉስታቭ ሄልማን የተባለ ጀርመናዊ ሳይንቲስት በዚህ ተቆጥቶ ፎቶዎቹ ተነካክተዋል ብሎ ከሰሰው። የሚገርመው፣ ዛሬ በቤንትሊ ፎቶዎች ላይ ዓይን የሚይዘው ያ የተፋቀው ጥቁር መደብ ነው።

ሠዓሊ በሥራው ላይ ይፈርማል። አትኪንስ ግን ሙሉ ስሟን አልጻፈችም፤ ከመግቢያዋ ሥር ያለው «ኤ.ኤ.» ብቻ ነው። ከሞተች በኋላ አንድ ሰብሳቢ «አኖኒመስ አማተር» (ስሙ ያልታወቀ አማተር) ማለት ይሆናል ብሎ ገምቶ ነበር።