«ጂፒኤሱ ሞቷል» እያላችሁ ስልክ አትቀይሩ

በሥራ ቀን ስልክ እጠግናለሁ፤ እሁድ እሁድ ሳይክል ይዤ ከከተማ እወጣለሁ። ስለዚህ የሁለቱም ወገን ጥያቄ እኔው ዘንድ ይመጣል። ሰኞ ጠዋት ገና ሱቁን ስከፍት አንዱ ስልኩን ባንኮኒው ላይ ያስቀምጥና «ጂፒኤሱ ሞቷል፤ የትኛውን ልግዛ?» ይለኛል። ጂፒኤስ ስልኩ ያለበትን ቦታ ከሳተላይት የሚያውቅበት ነው፤ እኛ ሳይክለኞች የሄድንበትን መንገድ በእሱ እንመዘግባለን። በዚህ ምክንያት ከመጡልኝ ስልኮች ውስጥ በእርግጥ ተበላሽተው ያገኘኋቸው በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የቀሩት ደህና ነበሩ። ስልክ እንደ ዳቦ በየቀኑ የሚገዛ ነገር አይደለም፤ ሰው ያለ ምክንያት ያን ያህል ገንዘብ ሲያወጣ ማየት በጣም ያናድደኛል።

«መንገዴን እየቆረጠ የሚጥለው ጂፒኤሱ ደካማ ስለሆነ ነው»

ከሁሉ የሰለቸኝ ይህ ነው። አንድ ወጣት ከመገናኛ ሰንዳፋ ደርሶ የተመለሰበትን መንገድ ስልኩ ላይ አሳየኝ። እስከ ለገጣፎ መስመሩ አስፋልቱን ተከትሎ ይጠማዘዛል። ከዚያ በኋላ እንደ ተወጠረ ገመድ በማሳው ላይ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ኪሎ ሜትሩም ጎድሏል። ልጁ ስልኩን ሸጦ ሌላ ለመግዛት ወስኖ ነበር።

ደካማ ጂፒኤስ እንዲህ አያደርግም። ደካማ ሲሆን መስመሩ ይንቀጠቀጣል፤ ከመንገዱ ወጥቶ ሕንፃ ላይ ይወጣል፤ ይመለሳል። ቀጥ ያለ መስመር ሌላ ነገር ነው የሚናገረው፤ በዚያ መሃል አፑ አልነበረም። ስልኩ ራሱ ዘግቶታል። አንድሮይድ ከ2015 እ.ኤ.አ. ወዲህ ስክሪኑ ሲጠፋ ከጀርባ የሚሠሩ አፖችን እያስተኛ ባትሪ ይቆጥባል። ብዙ አምራቾች ደግሞ በዚያ ላይ የራሳቸውን የባሰ ጥብቅ መቆጣጠሪያ ይጨምሩበታል። ስልኩ ኪሳችሁ ውስጥ ሆኖ ለሁለት ሰዓት ሳትነኩት ስትቀሩ «ይህን አፕ ማንም አይፈልገውም» ብሎ ይዘጋዋል። ስልኩን አውጥታችሁ ስትከፍቱት አፑ ይነቃና የመጨረሻውን ነጥብ ከአዲሱ ጋር በቀጥታ መስመር ያገናኘዋል። ማሳውን አቋርጦ የሄደው መስመር ይህ ነው።

ማስተካከያው ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ሴቲንግ ግቡ፣ አፕስ የሚለውን ክፈቱ፣ መንገድ የሚመዘግብላችሁን አፕ ምረጡ፣ ባትሪ የሚለው ውስጥ «አንሪስትሪክትድ» (ያለ ገደብ) አድርጉት። ራሱን እንዲያስነሳ የሚፈቅድ «አውቶ ስታርት» የሚባል ካለ አብሩለት። ባትሪ ሴቨር ከመነሳታችሁ በፊት ይጥፋ፤ እሱ ስክሪኑ ሲጨልም ሎኬሽኑንም ሊያቆም ይችላል። መንገድ ላይ «ስልኬ ፈጠን እንዲል» እያላችሁ የተከፈቱትን አፖች በሙሉ ጠርጎ የመዝጋት ልማድ ካላችሁም ተዉት፤ የምትጠርጉት መንገዱን የሚቀዳውን አፕ ራሱን ነው። ለዚያ ወጣት እዚያው ቆሜ አስተካከልኩለት። በሚቀጥለው እሁድ በዚያው ስልክ ሰንዳፋ ደርሶ ሲመለስ መስመሩ አንድም ቦታ አልተቆረጠም።

ውድ ስልክም ከዚህ አያድንም። አብረውን የሚጋልቡ አንድ ጋሼ አሉ። ሴት ልጃቸው ከአሜሪካ በጣም ውድ ስልክ ልካላቸው በደስታ ይዘውት ወጡ። ማታ ደውለው «አንተ ልጅ፣ ይሄም እንደዚያኛው ነው» አሉኝ። አዲሱም ስልክ ያንኑ ሴቲንግ ይዞ ነው የመጣው። አሮጌው ምንም አልሆነም ነበር።

«ያለ ዳታ አይሠራም»

ይህን የሚሉኝ ሰዎች ኔትወርክ የሌለበት መንገድ ሲያስቡ ስልኩን ጭራሽ ቤት ጥለውት ይሄዳሉ። ስልካችሁ ከሳተላይት ጋር አያወራም፤ ይሰማል እንጂ። 20,200 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ የሚዞሩት የጂፒኤስ ሳተላይቶች ሰዓታቸውንና ያሉበትን ቦታ ሳያቋርጡ ይናገራሉ። ስልኩ ቢያንስ የአራቱን ይሰማና ምልክቱ እስኪደርሰው ከወሰደው ጊዜ ርቀቱን አስልቶ የቆማችሁበትን ያውቃል። ሲም ካርድም አይጠይቅም። በአሁኖቹ ስልኮች ኤርፕሌን ሞድ ላይ እንኳ ይሠራል፤ ኔትወርክ በሌለበት መንገድ እኔ እንዲያውም እሱን ነው የማበራው፤ ስልኩ ኔትወርክ ሲፈልግ የሚጨርሰው ባትሪ ይተርፋልና።

ዳታ የሚጠቅመው ለሁለት ነገር ነው። አንደኛው መጀመሪያ ላይ ቦታን ቶሎ ማግኘት ነው። ዳታ ከሌለ ስልኩ የሳተላይቶቹን መረጃ ከራሳቸው ከሳተላይቶቹ እስኪሰማ ከግማሽ ደቂቃ እስከ ጥቂት ደቂቃ ሊወስድበት ይችላል። ሰማይ በሚታይበት ቦታ ቁሙና ጠብቁት፤ ፔዳል መምታት የምትጀምሩት ቦታውን ካገኘ በኋላ ይሁን። ሁለተኛው ካርታው ነው። ካርታው ቀድሞ ካልወረደ ነጥቧ ባዶ ስክሪን ላይ ትቆማለች፤ ሰው ይህን ያይና «ጂፒኤሱ አልሠራም» ይላል።

ካርታ ስታወርዱ ደግሞ የምታወርዱትን እወቁ። ከጉግል ማፕስ የወረደ ካርታ ያለ ኢንተርኔት የሚመራው መኪና ነጂን ብቻ ነው፤ የሳይክልም የእግርም መንገድ አይሰጥም። ኦስማንድ ወይም ኦርጋኒክ ማፕስ የሚባሉት የካርታ አፖች ግን የኢትዮጵያን ካርታ ስልኩ ላይ አስቀምጠው ያለ ኔትወርክ በሳይክል መንገድ ይመራሉ። ሁለቱም በነፃ ይገኛሉ።

«ዋጋው በጨመረ ቁጥር ልኬቱ ይጠራል»

ሜዳ ላይ፣ ሰማዩ ክፍት ሲሆን፣ የማንኛውም ደህና ስልክ ስህተት 5 ሜትር አካባቢ ነው። ሱሉልታ ሜዳ ላይ የእኔን ርካሽ ስልክ ከጓደኛዬ ውድ ስልክ ጋር ብታስተያዩ ልዩነት አታገኙም። ልዩነቱ የሚመጣው ካዛንቺስና ሜክሲኮ ባሉት ረጃጅም ሕንፃዎች መካከል ነው። እዚያ ምልክቱ መስታወት ላይ ነጥሮ ዘግይቶ ይደርሳል፤ ስልኩም ያለበት ቦታ ይምታታበታል። ለዚህ የሚረዳው በሁለት ፍሪኩዌንሲ (የሬዲዮ ሞገድ) የሚሰማ ጂፒኤስ ነው፤ ኤል1 እና ኤል5 ይባላሉ። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው ሻዎሚ ሚ 8 በዚህ የመጀመሪያው ስልክ ነበር፤ ዋጋው ከውዶቹ ተርታ አልነበረም። ከእሱ እጅግ የሚወደዱት አይፎኖች ይህን ያገኙት በ2022 ነው፤ ያውም ፕሮዎቹ ብቻ። ስለዚህ ዋጋ ሳይሆን ኤል5 መኖሩን ጠይቁ። ጉዟችሁ ሁሉ ከከተማ ውጭ ከሆነ እሱም ይቅርባችሁ።

«እንጦጦን ስወጣ እኔ ከእሱ ይበልጥ ከፍታ ወጣሁ»

ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ጋልበው በከፍታ ቁጥር ሲከራከሩ ስንት ጊዜ ሰምቻለሁ! ሳተላይቶቹ ሁሉ ከላይ እንጂ ከእግራችሁ ሥር ስለሌሉ ጂፒኤስ ከፍታን የሚለካው ከቦታ ባነሰ ጥራት ነው። ቁጥሩ ጥቂት ሜትር ወደ ላይ፣ ጥቂት ሜትር ወደ ታች ሲዋዥቅ አንዳንዱ አፕ ያንን ሁሉ እንደ ዳገት ይደምረዋል። በትክክል የሚለካው የአየር ግፊት የሚያነብ ባሮሜትር ያለው ስልክ ነው፤ ርካሾቹ አብዛኞቹ የላቸውም። ከጎሃ ጽዮን ወደ ዓባይ ወርዳችሁ ወደ ደጀን ለመውጣት ካሰባችሁ፣ ከ1,000 ሜትር በላይ ወርዶ ያንኑ ያህል መልሶ መውጣት ነውና፣ ስንት እንደቀራችሁ የሚነግራችሁ ባሮሜትር ዋጋ አለው። ለቢሾፍቱ መንገድ ግን ለእሱ ብላችሁ ብር አትጨምሩ።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልበል። «ራሙ ትልቅ ይሁን» ለሚሉኝ፦ መንገድ ለመቅዳት ትልቅ ራም አያስፈልግም። «ጂፒኤስ ባትሪ ይበላል» የሚባለው ከስክሪኑ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው፤ ስክሪኑን አጥፉና በድምፅ ይምራችሁ። «ኮምፓስ ከሌለው አቅጣጫ አያውቅም» ልክ የሚሆነው ቆማችሁ ሳለ ብቻ ነው፤ መንቀሳቀስ ስትጀምሩ ከጉዟችሁ ያውቀዋል።

«ውኃ አይገባውም ተብሎ የተሸጠ ነው» በሚለው ላይ ግን ትንሽ ልቁም። ያ ፈተና የሚደረገው በአዲስ ስልክ ነው። ስክሪኑ ተሰብሮ አንዴ የተከፈተ ስልክ ዙሪያው እንደገና በደንብ ካልታሸገ ውኃ መከላከሉን አትመኑት። በሐምሌ ዝናብ መሪ ላይ ታስሮ የሞተ ስልክ ሲመጣልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው «ከዚህ በፊት ተከፍቶ ነበር?» ብዬ ነው። ደህና የታሸገውም ቢሆን ስክሪኑ ሲረጥብ ጣታችሁን አይሰማም።

መሪ ላይ ስለማሰርም፦ አፕል በ2021 የሞተር ሳይክል ንዝረት የአይፎንን ካሜራ ሊጎዳ እንደሚችል አስጠንቅቋል። የሳይክል ንዝረት ከዚያ ያነሰ ቢሆንም በየቀኑ ኮብልስቶን ላይ የምትሄዱ ሰዎች ንዝረት የሚያበርድ ማሰሪያ ግዙ፣ ካልሆነም ኪሳችሁ ውስጥ ይሁን።

የግድ ስልክ የምትገዙ ከሆነ ገንዘቡን ከመክፈላችሁ በፊት ጂፒኤስ ቴስት የሚባለውን አፕ ጫኑበትና ከሱቁ በር ውጡ። ሰማይ ሥር ቆማችሁ ሁለት ሦስት ደቂቃ ጠብቁ፤ ስንት ሳተላይት እንደሰማና ኤል5 እንዳለው እዚያው ላይ ታዩታላችሁ። ሻጩ ስልኩን ይዛችሁ ከበሩ እንድትወጡ የማይፈቅድ ከሆነ አብሯችሁ እንዲወጣ ጠይቁት፤ እሱንም እምቢ ካለ ሌላ ሱቅ ሂዱ።