መድኃኒትና ሪሴፕተር እንዴት ይገናኛሉ

አብዛኛው መድኃኒት የሚሠራው ሰውነት ውስጥ ካለ አንድ ፕሮቲን ጋር ተጣብቆ ነው። ከእነዚህ ፕሮቲኖች ብዙዎቹ ሪሴፕተር ወይም ተቀባይ ይባላሉ። የዘወትር ሥራቸው እንደ አድሬናሊንና ኢንሱሊን ያሉ ሰውነት ራሱ የሚያመነጫቸውን ንጥረ ነገሮች መልእክት ለሕዋሱ ማድረስ ነው። መድኃኒቱም የሚገባው በዚሁ በነበረው መንገድ ነው።

ለዚህ ሐሳብ መሠረት ከጣሉት አንዱ እንግሊዛዊው ፊዚዮሎጂስት ጆን ላንግሊ ነው። እ.ኤ.አ. በ1905 ባሳተመው ጥናት ኒኮቲን ጡንቻን እንደሚያኮማትር፣ ኩራሬ የተባለው መርዝ ደግሞ ይህን እንደሚያግድ አሳየ። ኩራሬ ያገደው ጡንቻ ግን በቀጥታ በኤሌክትሪክ ሲነካ ይኮማተር ነበር። ስለዚህ ላንግሊ ሁለቱ የሚሻሙት የሚኮማተረውን ክፍል ሳይሆን ሌላ «ተቀባይ ንጥረ ነገር» ነው ሲል ደመደመ። ከቀላል ሙከራ የወጣ ድንቅ አስተውሎት ነው።

የብዙ መድኃኒቶች ትስስር ልል ነው፤ ሞለኪውሉ ይያዛል፣ ይለቃል፣ ተመልሶ ይያዛል። መጠኑ ሲጨምር የሚያዙት ሪሴፕተሮች ይበዛሉ። ሁሉም ከተያዙ በኋላ ግን ተጨማሪ መጠን ፈውሱን አያሳድግም፤ የጎንዮሽ ጉዳቱ ግን ሊብስ ይችላል።

ከሁሉ በላይ መታወቅ ያለበት፣ ሪሴፕተርን መያዝና ማንቃት የተለያዩ መሆናቸው ነው። ብርቱ የሕመም ማስታገሻ የሆነው ሞርፊን ኦፒዮይድ የሚባሉት የእሱ ዓይነት ንጥረ ነገሮች የሚይዙትን የኦፒዮይድ ሪሴፕተር ይዞ ያነቃዋል፤ እንዲህ ያለው አጎኒስት ይባላል። ናሎክሶን ያንኑ ሪሴፕተር አጥብቆ ይይዛል እንጂ አያነቃውም፤ አንታጎኒስት ነው። ሞርፊን በዝቶበት ትንፋሹ የደከመ ሰው ናሎክሶን ሲወጋ በደቂቃዎች ውስጥ ትንፋሹ ሊመለስ የሚችለው፣ ናሎክሶኑ ቦታውን ስለሚነጥቅ ነው። ነገር ግን ናሎክሶን ቶሎ ያልቃል፤ ሞርፊኑ ገና ካለ ትንፋሹ እንደገና ሊደክም ስለሚችል ሰውየው ከክትትል መውጣት የለበትም። ቡፕረኖርፊን የተባለው መድኃኒት በሁለቱ መካከል ነው፤ በከፊል ብቻ ያነቃል።

የሪሴፕተር ዓይነትም ወሳኝ ነው። አሜሪካዊው የመድኃኒት ተመራማሪ ሬይመንድ አልኲስት እ.ኤ.አ. በ1948 የአድሬናሊን ሪሴፕተሮችን አልፋና ቤታ ብሎ ከፈላቸው። ስኮትላንዳዊው ተመራማሪ ጄምስ ብላክ ከዚያ ተነስቶ ቤታ ሪሴፕተርን በማገድ ልብን የሚያሳርፈውን ፕሮፕራኖሎል የተባለ መድኃኒት ሠራ፤ እ.ኤ.አ. በ1988ም የኖቤል ሽልማት ተካፈለ። ፕሮፕራኖሎል የሳንባውንም ቤታ ሪሴፕተር ስለሚያግድ ለአስም ሕመምተኛ አደገኛ ነው።

ሕዋሱም ዝም ብሎ አይቀመጥም። ቤታ ሪሴፕተሮቹ ለረጅም ጊዜ ሲታገዱበት ቁጥራቸውን ሊጨምር ይችላል። በዚያ ላይ ፕሮፕራኖሎል በድንገት ቢቋረጥ አድሬናሊን የበዙትን ሪሴፕተሮች ነፃ ሆነው ያገኛቸዋል፤ የልብ ምት ሊፈጥን፣ የልብ ሕመም ያለበት ሰውም ክፉኛ ሊታመም ይችላል። ለዚህ ነው ሐኪም መድኃኒቱን ቀስ በቀስ እየቀነሰ የሚያስቆመው።