አቦል እንጂ አበል የሌለበት ምሽት፦ የሳይንስ ወግ በጅማ

የጅማ በርጩማ ሦስት እግር አለው። ከአንድ ግንድ ተፈልፍሎ ስለሚወጣ ሚስማርም ማጣበቂያም አያውቅም። ወጣ ገባ መሬት ላይ ብታስቀምጡትም አይወዛወዝም። ባለ አራት እግሩ የካፌ ወንበር ግን ሊሾ ላይ እንኳ ስለሚንገጫገጭ እግሩ ሥር የታጠፈ ወረቀት እንሸጉጥበታለን። ምክንያቱ ቀላል ጂኦሜትሪ ነው። የሦስቱ እግሮች ጫፎች ምንጊዜም በአንድ ጠፍጣፋ ገጽ ላይ ይውላሉ። አራተኛው ሲጨመር ግን ከዚያ ገጽ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። ይህን ለማስረዳት ስላይድ አያስፈልግም። በርጩማውን መሀል አምጥቶ አንድ ሰው ማስቀመጥ ይበቃል።

የሳይንስ ምሽት የሚባለው እንዲህ ያለ ጨዋታ ነው። አንድ ባለሙያ ከሥራ ሰዓት በኋላ፣ ከመማሪያ ክፍል ውጭ፣ መስማት ለፈለገ ሁሉ ስለ ሙያው ያወራል። ታዳሚው ይጠይቃል፣ ይከራከራል። ፈተና የለም፣ ሰርተፍኬት የለም። መምህሩ፣ ነርሷ፣ የባጃጅ ሹፌሩና ጡረተኛው እኩል ይቀመጣሉ። አንዳንዱ የሳይንስ ካፌ ይለዋል፣ ሌላው የሕዝብ ገለጻ ወይም የውይይት ምሽት።

ልማዱ የቆየ ነው። (እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ለንደን ያለው ሮያል ኢንስቲትዩሽን ዓርብ ማታ የሚደረገውን ገለጻ የጀመረው በ1825 ነው። አስጀማሪው ማይክል ፋራዴይ ራሱ የሕዝብ ገለጻ ያፈራው ሰው ነበር። የቀጥቃጭ ልጅ ነው፤ እኛ አገር ቀጥቃጭ ስንት ስድብ እንደጠጣ አትርሱ። መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ተለማማጅ ሆኖ ሲሠራ፣ በ1812 አንድ ደንበኛ የኬሚስቱን የሃምፍሪ ዴቪን ገለጻ መግቢያ ትኬት ሰጠው። ፋራዴይ የሰማውን ጻፈ፣ ሥዕል ጨመረበት፣ በሙያው አሳምሮ ጠረዘውና ለዴቪ ላከለት። በዓመቱ የዴቪ ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። ማግኔትና ሽቦ አንዱ በሌላው አጠገብ ሲንቀሳቀስ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር ያሳየው በ1831 ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ጅማ ስትመጡ የምታልፉት ግልገል ጊቤ 184 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው በዚሁ መርህ ነው። ጅማ ላይ መብራት ሲጠፋ ግን ፋራዴይን አንወቅስም።

የካፌው መልክ የመጣው ዘግይቶ ነው። በ1992 ማርክ ሶቴ የተባለ ፈላስፋ ፓሪስ፣ ባስቲይ አደባባይ ባለ አንድ ካፌ ውስጥ እሑድ ጠዋት የፍልስፍና ውይይት ጀመረ። ደንከን ዳላስ የተባለ የቴሌቪዥን አዘጋጅ ይህን ሐሳብ ወስዶ በ1998 በእንግሊዟ ሊድስ ከተማ የሳይንስ ካፌ ከፈተ። ከዚያ በየአገሩ ተዛመተ። ኬንያም ደርሷል። እኛ ዘንድ በ2010 የተመሠረተው የኢትዮጵያ ሳይንስ አካዳሚ፣ ጉለሌ በሚገኘው በብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የቀድሞ ግቢ ተቀምጦ የሕዝብ ገለጻዎች ያዘጋጃል። በ2004 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ስፔስ ሳይንስ ሶሳይቲም ሰማይ ማየት የሚወዱ ብዙ ወጣቶችን ሰብስቧል።

ወደ ጅማ እንምጣ። ጅማ ዩኒቨርሲቲ በ1952 የተከፈተው የእርሻ ኮሌጅና በ1983 የተከፈተው የጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት በ1999 ተዋህደው የተፈጠረ ተቋም ነው። የታወቀበት ነገር ማኅበረሰብ ተኮር ትምህርቱ ነው። ተማሪዎች በቡድን ሆነው ቀበሌ ይገባሉ፣ ቤት ለቤት ይዞራሉ፣ መጠይቅ ይሞላሉ። ስለዚህ የጅማ ሰው «መጠየቅ» ለምዷል። «ጠ»ን አጥብቃችሁ አንብቡልኝ። ስንት ልጅ አለሽ፣ አጎበር አለህ ወይ፣ ውኃ ከየት ትቀዳላችሁ፣ ሽንት ቤታችሁ ክዳን አለው ወይ ተብሏል። የሳይንስ ምሽት ያችን «ጠ» ያላላታል። ጠያቂው የቀበሌው ሰው ይሆናል፣ መልስ የሚያዋጣው ደግሞ ተመራማሪው። ለእኔ የነገሩ ሁሉ ቁም ነገር ይሄ ነው፤ ገለጻ መስማትማ በስልክም ይቻላል።

መርሐ ግብሩን በተመለከተ ፈረንጆቹ የደረሱበት ልክ አለ። ተናጋሪው 20 ደቂቃ ገደማ ያወራል። ከዚያ ዕረፍት ይሆንና ሰው መጠጡን ይቀዳል። ቀሪው አንድ ሰዓት የጥያቄና የክርክር ነው። ለጅማ ሰው ይህ አዲስ አይደለም። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ማለት ነው።

በአቦል ተናጋሪው ያወራል። ሰው ገና ጭምት ነው፤ ስኒውን ይዞ ያዳምጣል። በቶና ማንም መድረክ ላይ አይወጣም። ከጎኔ የተቀመጠውን ሰው «ያቺን ነገር ገባችህ?» የምለው ያኔ ነው። ብዙ አዘጋጅ ይህችን ዕረፍት ጊዜ ለመቆጠብ ብሎ ያስቀራታል። ትልቅ ስህተት ነው። በመቶ ሰው ፊት እጁን ለማውጣት የሚፈራ ሰው ጥያቄውን መጀመሪያ ለጎረቤቱ ይሞክረዋል። ጎረቤቱ ካልሳቀበት እጁን ያወጣል። በበረካ ጥያቄው ይዘንባል። የሚሟሟው ነገር አብዛኛው በአቦል ስለሚወጣ ቡናው እየቀጠነ ይሄዳል፤ ጨዋታው ግን እየወፈረ ነው።

ሌላም የጅማ መሰብሰቢያ አለ፤ በርጫ። እዚያም ክርክር አይጠፋም፣ በምርቃና ሰዓት ሁሉም ፕሮፌሰር ነው። ጫት ራሱ አንድ ምሽት ይወጣዋል። ቅጠሉ ለምን ትኩስ ይፈለጋል? ለምን በኮባ ተጠቅልሎ በጥድፊያ ይጓዛል? ዋናው አነቃቂ ንጥረ ነገር ካቲኖን ቅጠሉ እየጠወለገ ሲሄድ ወደ ደካማው ካቲን ስለሚለወጥ ነው። ነጋዴው ኬሚስትሪውን በስሙ ባይጠራውም በገበያው ጠንቅቆ ያውቀዋል።

ምሽቱን የሚገድለው የስብሰባ ባህላችን ነው። የክብር እንግዳው መንገድ ላይ ናቸው ይባላል። ሲመጡ የመክፈቻ ንግግር ይደረጋል። ከዚያ ስለ መክፈቻው ምስጋና ይቀርባል። ዋናው ተናጋሪ ማይኩን ሲይዝ ሰው ሰዓቱን ማየት ጀምሯል። የጥያቄው ሰዓት ሲደርስ ደግሞ አንድ ሰው ይነሳና «ዕድሉን ስለሰጣችሁኝ አመሰግናለሁ፤ የእኔ ጥያቄ ሳይሆን አስተያየት ነው» ይላል። ይህን ዓረፍተ ነገር ስሰማ ሆዴ ይረበሻል። አበልም አለ። ዓመታት ሙሉ በወርክሾፕ የለመድነው ነገር ስለሆነ «አበል አለው?» ብሎ የሚጠይቅን ሰው መውቀስ ይከብዳል። መልሱ ግን ግልጽ መሆን አለበት፦ አቦል አለ፣ አበል የለም።

አንድ ጊዜ ስለ አንቲባዮቲክ በተሰጠ ገለጻ ላይ ተገኝቻለሁ። ስላይዱ ከ60 ይበልጣል፤ ባክቴሪያዎች መድኃኒትን እንዴት እንደሚለምዱ የሚያሳይ ያማረ ሥዕል ሁሉ ነበረው። ሲያልቅ አንዲት እናት ተነሱና «ልጄ፣ የተረፈችውን አሞክሳሲሊን ከፍቼ ዱቄቷን ቁስል ላይ ብነሰንሳትስ?» አሉት። ተናጋሪው ስላይዱን ወደ ኋላ መለሰው፣ ወደ ፊት አሳለፈው። የለም። አዳራሹ ግማሹ ሰው ያንን ነገር አድርጎ ያውቃል፤ እኔም አንዱ ነኝ። በመጨረሻ ፕሮጀክተሩን ትቶ ወደ እሳቸው ተጠጋና ማስረዳት ጀመረ። ቁስል በንጹሕ ውኃና በሳሙና ይታጠባል። ዱቄቱ ቆዳ ሊያስቆጣ ይችላል። መጠኑ ያልታወቀ መድኃኒት ደግሞ ባክቴሪያውን ሳይጨርስ ያለማምደዋል። «የተረፈችውስ ለምን ተረፈች?» ብሎ እሳቸውን መልሶ ሲጠይቃቸው አዳራሹ ሳቀ። ከ60ው ስላይድ አንዱንም አላስታውስም።

ስለዚህ ከተናጋሪው በላይ አወያዩ ይመረጥ እላለሁ። ጥሩ አወያይ ማይኩን ከእጁ አይለቅም፤ ይዞ ያስጠጋል እንጂ አሳልፎ አይሰጥም። ላልተናገረ ሰው ቅድሚያ ይሰጣል። መናገር ለሚያፍር ቁራጭ ወረቀት ያዞራል። ተናጋሪው «አላውቅም» ሲል ደግሞ ምላሹን እንደ ውርደት አይቆጥርበትም።

የርዕስ ችግር ጅማ ላይ የለም። ቡና ብቻውን ዓመቱን ይሞላል። ከከተማው ወጣ ብሎ መልኮ ያለው የጅማ የግብርና ምርምር ማዕከል የአገሪቱ የቡና ምርምር መዲና ነው። በ1971 የቡና ፍሬ በሽታ፣ ባለሙያዎቹ ሲ.ቢ.ዲ. የሚሉት፣ ኢትዮጵያ ውስጥ ታየ። አረንጓዴውን ፍሬ እያጠቆረ የሚያረግፍ ፈንገስ ነው። ተመራማሪዎቹ መፍትሔውን ከጫካ ፈለጉት። በሽታው ባወደመው ማሳና ጫካ ውስጥ ጤነኛ ሆነው የቆሙትን ዛፎች እየለዩ ዘራቸውን ሰበሰቡ። ዛሬ ገበሬው የሚተክላቸው 74110 እና 74112 የሚባሉት ዝርያዎች ስማቸው ከዚያ የመጣ ነው። መጀመሪያ ላይ ያለው 74 የተመረጡበት ዓመት ነው፣ 1974። እነዚህ ቁጥሮች ውጭ አገር በውድ የቡና ከረጢት ላይ ታትመው ይሸጣሉ። መርካቶ ቡና የምትለቅመዋ ልጅ ይህን ሰምታ ታውቅ ይሆን እያልኩ አስባለሁ።

አረቢካ ራሱ ታሪኩ ይገርማል። ሁለት የተለያዩ የቡና ዝርያዎች ጫካ ውስጥ ተዳቅለው የወለዱት ነው። ሌሎቹ 22 ክሮሞሶም ሲኖራቸው እሱ የሁለቱንም ጠቅልሎ 44 ይዟል። በ2004 ደግሞ የብራዚል ተመራማሪዎች ከኢትዮጵያ በሄደ ዘር ከበቀሉ ዛፎች መካከል በተፈጥሮ ካፌይን የሌላቸው ማለት ይቻላል የሚባሉ ማግኘታቸውን አስታወቁ። «ዘሩ የማን ነው?» የሚለው ጥያቄ ከዚያ ወዲያ ጋብ አላለም። ይህ ርዕስ ሲነሳ አወያዩ ወገቡን ጠበቅ ያድርግ። የቡና መገኛ የጅማዋ ጮጬ ናት ወይስ የከፋዋ ማንኪራ የሚለውን ግን ባያነሳው ይሻለዋል፤ ያን ካነሳ ምሽቱ አያልቅም።

ሁለተኛው ወባ ነው። ዩኒቨርሲቲው ሰቆሩ ላይ የቆላ በሽታዎች ምርምር ማዕከል አለው፤ እዚያ ትንኝ በማርቢያ ክፍል ይረባል። ተመራማሪ ትንኝ ቀልቦ ያሳድጋል ሲባል ሰው አያምንም፤ ጥሩ መግቢያ ነው። የትኛው ኬሚካል እንደሚገድላት የሚታወቀው እንዲያ ነው። ደግሞ አዲስ ጉዳይ አለ። አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለች የእስያ ትንኝ በ2016 ቀብሪ ደሃር ላይ ተገኝታለች። የነባሮቹ መራቢያ በብዛት የዝናብ ኩሬ ነው። ይህቺ ግን ከተማ ትወዳለች፤ ክዳኑ ያልገጠመ ሮቶ ይበቃታል። ሮቶ የሌለው ግቢ ስንት ነው?

ስለ ባህል መድኃኒት ሲነሳ የተመራማሪው የአክሊሉ ለማ ታሪክ ይነገር። በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው አየ። የቢልሃርዚያ ትል ሰው ዘንድ ከመድረሱ በፊት የሚያድገው በእነዚያ ቀንድ አውጣዎች ውስጥ ነው። በዚያ ጅረት ስንቱ ሰው ምንም ሳይጠይቅ አልፏል። ቦዬ ረግረግ ላይ ጉማሬ ለማየት የሚሄደውም ሰው እንዲሁ ነው፤ ውኃው ከከተማው ምን ተሸክሞ እንደሚመጣ ጠይቆ አያውቅም። ይህኛው ርዕስ በእግር ጉዞ ቢሆን ይመረጣል።

ቋንቋን አንርሳ። ጅማ ላይ ሰው በአንድ ንግግር ውስጥ ከአፋን ኦሮሞ ወደ አማርኛ ይሻገራል፣ ይመለሳል። ተናጋሪው በሚቀለው ያውራ፤ አወያዩ በየመሀሉ በሌላው ያሳጥርለት። ትምህርት ቤት የተማርነው እንግሊዝኛ ግን ቤት ይቆይ። «ጂን» የሚለው ቃል እንኳ ችግር አለው። «ጂኑ ከእናት ወደ ልጅ ይተላለፋል» ሲባል ግማሹ ታዳሚ ሌላ ነገር ነው የሚያስበው። ዘረመል ቢባል ሰው አይደነግጥም።

ቦታው ሰፊ ካፌ ወይም ቤተ መጻሕፍት ሊሆን ይችላል። የቆርቆሮ ጣራ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ። የጅማ ዝናብ ሲጀምር ከበሮ ነው፤ ማይክም አያድንም። ከኅዳር እስከ የካቲት ዝናቡ ይቀንሳል። የኅዳሩ ጊዜ ግን የቡና ለቀማ ስለሆነ ገበሬ የሚጋበዝበት ርዕስ እስከ ጥር ይቆይ። ሰዓቱ ከምሽቱ 12 ቢሆን ጥሩ ነው። ጅማ ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆነች ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ የምትጠልቀው 12 ሰዓት አለፍ ብሎ ነው። ስለዚህ ቶና ብዙ ጊዜ መግሪብ አካባቢ ይገጥማል። ሰጋጁ ሰግዶ ይመለሳል፣ ሌላው ፈንዲሻውን ይቆረጥማል። በረመዳን ምሽቱ ከኢፍጣር በኋላ ይጀምራል።

1 ሰዓት ተኩል ላይ አወያዩ ያመሰግንና ይዘጋል። ሰው ግን አይሄድም። በር ላይ ቆሞ ባጃጅ እየጠበቀ ስለ ካፌይን ይከራከራል። አንዱ ይህን ሁሉ ስኒ ጠጥቶ እንዴት እንደሚተኛ ይጨነቃል። ካፌይን ከደም ውስጥ በግማሽ እስኪቀንስ በአማካይ 5 ሰዓት ገደማ እንደሚወስድ ዛሬ የሰማው ሌላው ደግሞ በጣቱ እየቆጠረለት ነው።