የሰቆቃወ ኤርምያስ ምሳሌያዊ አነጋገርና የተርጓሚው ፈተና

ሰቆቃወ ኤርምያስ 5 የለቅሶ ግጥሞችን የያዘ አጭር መጽሐፍ ነው። የሚለቀስላት ኢየሩሳሌም ናት። ባቢሎናውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ587 ወይም በ586 ከተማዋን አፈረሱ፤ ቤተ መቅደሱንም አቃጠሉ። አይሁድ ዛሬም ቲሻ በአቭ በሚባለው የጾም ቀን ያነቡታል።

ግጥሙ ከተማዋን ሴት ያደርጋታል። ልዕልት የነበረችው እንደ መበለት ብቻዋን ተቀምጣለች። ሌሊቱን ታለቅሳለች፤ ከወዳጆቿ አንድም የሚያጽናናት የለም። እዚህ ላይ አማርኛ ተርጓሚውን ያግዘዋል። ግሳችን ጾታ ስላለው «ተቀመጠች» ሲባል ብቻ ሴቲቱ ፊታችን ትመጣለች። የሚያስቸግረው «የጽዮን ልጅ» የሚለው ነው። በዕብራይስጡ ልጅቱ ራሷ ጽዮን ናት። በአማርኛ ግን ጽዮን የምትባል እናት ያለቻት ሌላ ልጅ ትመስላለች። «ልጂቱ ጽዮን» ቢባል ይቀላል።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ሀዘኑ በአካል ክፍሎች መነገሩ ነው። በ2፥11 ዓይን በእንባ ይደክማል፣ አንጀት ይታወካል፣ ጉበት መሬት ላይ ይፈስሳል። «አንጀቴ ተላወሰ» ለሚል ሰው አንጀቱ ማብራሪያ አያሻውም። ጉበቱ ግን እንግዳ ነው፤ እኛ በጉበታችን አናዝንም። የግሪኩ የሰባ ሊቃናት ትርጉም በዚህ ቦታ «ክብሬ» ይላል፤ ጉበትና ክብር በዕብራይስጥ በተመሳሳይ ተነባቢዎች ይጻፋሉና። የግእዙ ብሉይ ኪዳን በዋናነት ከግሪክ የተተረጎመ ስለሆነ እንዲህ ያለው ልዩነት ለእኛም ቅርብ ነው። ሁለቱንም ትቶ «እጅግ አዘንኩ» ማለት ግን ግጥሙን መግደል ነው። ጉበቱ ይፍሰስ! ከአንጀቱ አጠገብ ስላለ አንባቢው ይገባዋል።

በ3፥13 ያሉት «የሰገባው ልጆች» ፍላጻዎች ናቸው። ይህን በቀጥታ «ፍላጻ» ማለት ብዙ አያጎድልም።

በ3፥15 የተጠቀሰው መራራ ተክል ብዙ ጊዜ ከአሪቲ ወገን እንደሆነ ይታሰባል። አሪቲ ግን በእኛ አገር በመዓዛው ይወደዳል። «አሪቲ አጠገበኝ» የሚል ትርጉም ተክሉን አግኝቶ ምሬቱን ያጣል። እሬት ሌላ ተክል ቢሆንም «እሬት እሬት አለኝ» የሚል ሰው ወዲያው ይቀምሰዋል። እዚህ ምሬቱ ይበልጣል።

የመጀመሪያዎቹ 4 ምዕራፎች የ22ቱን የዕብራይስጥ ፊደላት ተራ ይከተላሉ። ሦስተኛው ለእያንዳንዱ ፊደል 3 ቁጥር ስለሚሰጥ 66 ቁጥር አለው። ይህን አሠራር በትርጉም ማቆየት ከባድ ነው፤ ግሪኩና ላቲኑ የፊደላቱን ስም በየቁጥሩ ራስ ላይ ከመጻፍ አላለፉም። ምቱ ግን ይቻላል። ጀርመናዊው የብሉይ ኪዳን ምሁር ካርል ቡዴ በ1882 እንዳሳየው፣ ብዙው ስንኝ 3 ምት ሄዶ በ2 ይቆረጣል። በአማርኛም ሁለተኛውን ሐረግ ማሳጠርና ማያያዣ ቃላትን መቀነስ ይህን ቁርጥ ያለ አካሄድ ያስጠብቃል።