የጎንደር አዝማሪ ቤት

አዝማሪ ቤት እንግዳው መጠጡን ይዞ የሚቀመጥበት፣ ማሲንቆ የያዘ ሰው ደግሞ በእንግዳው ስም፣ መልክና አለባበስ ላይ እዚያው ግጥም እየቋጠረ የሚያወድስበት፣ የሚያሾፍበትና በመጨረሻም ገንዘቡን የሚያስወጣበት ቤት ነው። በጎንደርና በአዲስ አበባ የሚታወቀው የአሁኑ መልኩ ዕድሜው ብዙ አይደለም። ሙያው ግን የቆየ ነው። «አዝማሪ» የሚለው ቃል ከ«ዘመረ» የመጣ ሲሆን፣ በትርጉሙ የተከበረ ሆኖ ሳለ በአጠቃቀሙ ለረጅም ጊዜ መናቂያ ሆኖ ኖሯል። ዛሬም ድረስ «የባህል ድምፃዊ» መባልን የሚመርጡ ባለሙያዎች አሉ፤ አልፈርድባቸውም።

ዐፄ ፋሲለደስ በ1628 ዓ.ም. ጎንደርን ከቆረቆሩ በኋላ ከተማዋ የነገሥታት፣ የመኳንንትና የሊቃውንት መናኸሪያ ሆነች። ባለጸጋ ባለበት አወዳሽ አይጠፋም። አዝማሪ በግብር ቤት ያወድሳል፣ በሠርግ ያስቃል፣ ሠራዊት ሲዘምት አብሮ ዘምቶ በሽለላና በቀረርቶ ልብ ያነሳሳል። የሚበላው ከጌታው ማዕድ ነው፤ የጌታውን ጉድለት በሰም ሸፍኖ ፊት ለፊት የመናገር መብትም ነበረው። ይህ መብት በሕግ የተጻፈ አልነበረምና ቅኔው የሚከሽፍበት ሰው ጀርባው ላይ ጅራፍ ሊያርፍበት ይችላል። በጎንደር ዙሪያ በአዝማሪዎች መንደርነቷ የምትታወቀው ቡርቧክስ ናት። ሙያው ከአባት ወደ ልጅ ይወርዳል፤ ጋብቻውም በአብዛኛው እርስ በእርስ ነበር፣ «ጨዋ ነኝ» የሚለው ገበሬ ልጁን ለአዝማሪ አይድርምና። ንጋት ላይ በየደጃፉ እየዘመሩ ምጽዋት የሚጠይቁት ላሊበላዎች ሌሎች ናቸው፤ ማሲንቆ አይዙም፣ ከአዝማሪ ጋር መቀላቀላቸውም ሁለቱንም ወገን ያስቀይማል።

መሣሪያው ቀላል ነው። የአልማዝ ቅርጽ ያለው የእንጨት ገላ በቆዳ ይለበጣል፣ ረጅም አንገት ይተከልበታል፣ ከፈረስ ጭራ የተሠራ አንድ ክር ይወጠርበታል። የደጋኑም ክር እንዲሁ የፈረስ ጭራ ነው፤ እንዳይንሸራተት ዕጣን ይታሻል። በዚህ አንድ ክር ላይ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ የሚባሉት ቅኝቶች ይወጣሉ። ከዜማው ይልቅ ግን እንግዳውን ወንበሩ ላይ የሚያስቀረው ቃሉ ነው።

አሠራሩን ቀረብ ብሎ ላየው ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። አዲስ እንግዳ ገብቶ በርጩማ ላይ ሲቀመጥ ማሲንቆው አይቆምም። ድምፃዊቷ፣ ብዙ ጊዜ የተጫዋቹ ሚስት ወይም እህት፣ እያዜመች በአጠገቡ ታልፍና ከጓደኛው ጆሮ ስሙን፣ ሥራውንና የትውልድ መንደሩን ታስወጣለች። አስፈላጊ ከሆነም ውጭ ሰው በማይሰማው የአዝማሪዎች የምስጢር ቋንቋ ለባሏ ታቀብለዋለች፤ ይህ ቋንቋ የቋንቋ ሊቃውንትን ቀልብ ስቦ ተጠንቷል። ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ እንግዳው ስሙን በግጥም መሐል ይሰማል። ሰውየው ደንግጦ ይስቃል፣ ጓደኞቹ ያጨበጭባሉ፣ አንዱም ተነሥቶ የብር ኖት በአዝማሪው ግንባር ላይ ይለጥፋል።

እንግዳው ራሱ ስንኝ ካለው «ተቀበል!» ይላል፤ አዝማሪው መስመሩን ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። በዚህ መንገድ ሁለት ወዳጆች፣ አንዳንዴም ሁለት ባላንጣዎች፣ በአዝማሪ አፍ እስከ ሌሊት ሲሸነቋቆጡ ያመሻሉ። አዝማሪው የደብዳቤ መልእክተኛ ነውና አይጠየቅም። «ተቀበል» የሚለው ቃል ግጥምንም ገንዘብንም ስለሚመለከት ለኅብር የተመቸ ነው። ለማሳያ ያህል ራሴ የቋጠርኳትን ላስቀምጥ፤ ባለሙያ ቢሰማት ያርማታል፦

ሌሊቱን በሙሉ ተቀበል ይሉኛል፣
አፌ ተቀበለ እጄ ይከሰኛል።

ይህ ዓይነቱ ጨዋታ ለሥልጣን አይመችም። የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከተጣለ በኋላ ጠንቋዮችና ባሕታውያን ከአዝማሪዎች ጋር እየተያዙ እንዲገደሉ ትእዛዝ ወጥቷል። ወራሪው ጦር አንድ ክር ያለውን መሣሪያ ከጠመንጃ ተርታ ማሰለፉ ስለ ሙያው ክብደት ብዙ ይናገራል።

ከነጻነት በኋላ የአዝማሪ ኑሮ መልኩን ቀየረ። በ1927 ዓ.ም. የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር ማሲንቆ ተጫዋቾችን መድረክ ላይ አወጣ። ሬዲዮ ድምፃቸውን፣ ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ደግሞ መልካቸውን ጭምር ለማያውቃቸው ሰው አደረሰ። ቴሌቪዥን ያሳደገው ቀልድ በአብዛኛው የሁለት ሰዎች ንግግር ነበር፤ አለባቸው ተካና ልመንህ ታደሰ፣ ደረጀ ኃይሌና ሀብቴ ምትኩ በጥንድ የሚታወሱ ናቸው። ባል ማሲንቆ ሲመታ ሚስት የምትመልስበትን፣ እንግዳ ሲወረውር አዝማሪ የሚቀበልበትን ቤት ለሚያውቅ ጎንደሬ ይህ ቅርጽ እንግዳ አልሆነበትም። ልዩነቱ ሌላ ቦታ ነው። ካሜራ ፊት ስም የሚያቀብል ጓደኛ የለም፤ ቀልዱ ለሁሉም መሆን ስላለበት ማንንም በስሙ አይነካም። አዝማሪ የሚያውቀው ተመልካችን ሳይሆን እዚያ ማዕዘን ላይ ኮፍያውን ደፍቶ የተቀመጠውን አንድ ሰው ነው። ስለዚህ ብዙዎች ስቱዲዮ ገብተው ደነዘዙ ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ ዝናውን ግን ይዘው ወጡ፣ ዝናውም በር ላይ የሚሰቀል ፎቶግራፍ ሆነ።

በደርግ ዘመን የሰዓት እላፊ ሌሊቱን ዘጋው። ሌሊት የሌለው አዝማሪ ዝናብ እንዳጣ ገበሬ ነው። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ተለውጦ የሰዓት እላፊው ሲነሣ አዝማሪ ቤቶች በአዲስ አበባ፣ በተለይም በካዛንቺስ፣ እንደ እንጉዳይ ፈሉ፤ ብዙዎቹን የከፈቱት ከጎንደርና ከአካባቢዋ የሄዱ ቤተሰቦች ነበሩ። በራሷ በጎንደርም ለእንግዳና ለቱሪስት የሚሆኑ ቤቶች ተከፈቱ። አስቂኙ አዝማሪ ባለ ንግድ ፈቃድ የሆነው ያን ጊዜ ነው።

ሒሳቡ ሲታይ የሚገርም አይደለም። ተቀጥሮ የሚጫወት አዝማሪ በአብዛኛው የሚኖረው በግንባሩ በሚለጠፈው ሽልማት ነው፤ ከመጠጡ የሚገኘው ትርፍ የባለቤቱ ነው። ሳቁን የሚፈጥረው አንዱ፣ በሳቁ ምክንያት የታዘዘውን ሁለተኛ ብርሌ ሒሳብ የሚሰበስበው ሌላው። ይህን ያስተዋለ አዝማሪ ገንዘብ ሲያጠራቅም ቤት ይከራያል፣ ቄጤማ ይጎዘጉዛል፣ ግድግዳውን በስፌትና በቆዳ ያስጌጣል፣ ከጠጁ ጎን እዚያው ጎንደር የሚጠመቀውን ዳሽን ቢራ በሣጥን ይደረድራል። የሠራተኛ ችግር የለበትም፤ ሚስቱ ታዜማለች፣ ወንድሙ ማሲንቆ ይመታል፣ ከገጠር የመጣ የአጎት ልጅ ይቀዳል፣ በትርፍ ሰዓቱም ሙያ ይለምዳል። ጨዋታና ንግድ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ ይህ የመጀመሪያው አይደለም። ጎንደሬ ባይሆንም፣ በ1900 ዓ.ም. አካባቢ ጀርመን ሄዶ ድምፁን በሸክላ ያስቀረጸው የቅኔ ሰው ተሰማ እሸቴ ኋላ ላይ ነጋድራስ፣ ማለትም የነጋዴዎች አለቃ፣ ተብሎ ተሹሟል።

ገቢው እንደ ወቅቱ ነው። በጥምቀት ሰሞን ከተማዋ ከፋሲል መዋኛ እስከ ፒያሳ በሰው ትሞላለች፤ ሠርጉም ከዚያ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ ይቀጥላል። ጾሙ ሲገባ ማሲንቆው ይሰቀላል፣ የቤት ኪራዩ ግን አይጾምም። የ2012 ዓ.ም. ወረርሽኝ ቤቶቹን ዘግቷቸው ነበር። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ የተነሣው ግጭትና የእንቅስቃሴ ገደቡ ሌሊቱን እንደገና አጠበበው፣ ቱሪስቱንም አራቀው። የአዲስ አበባው ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ለልማት ሲፈርስ ደግሞ ብዙ የሥራ ቦታ አብሮ ሄደ። ዛሬ ወጣቶቹ ግጥማቸውን በስልክ እየቀረጹ በዩቲዩብ ይለቃሉ፤ ውጭ አገር ያለ ጎንደሬም ለሠርጉ ያስጠራቸዋል።

ባለቤትነት አንደበትን ይለውጣል። ትናንት ቤቱን ያከራየውን ሰው ስስት፣ የጠጁን ቅጥነትና የሒሳቡን ውድነት በግጥም ሲያላግጥ የነበረው ሰው ዛሬ ባንኮኒው ኋላ ቆሞ ሣጥን ይቆጥራል፤ ግጥሙ ወደ እሱ ዞሯል። አስተዋይ ባለቤት ይህን አይከለክልም። የወንድሙ ልጅ ቅጥረኛ ሆኖ «ጌታዬ» እያለ በስስቱ ሲቀልድበት እንግዳው ከሁሉ አብልጦ ይስቃል፣ ይሸልማልም። ባለቤቱ ራሱ የሚወርደው ከስንት አንዴ ነው፦ የቆየ ደንበኛ ሲመጣ፣ ወይም ከሁለተኛው ጠረጴዛ ያለው ሰው ልጁን በስንኝ ሲረታው። ያን ጊዜ መክፈቻውን ባንኮኒው ላይ ያስቀምጣል፣ ማሲንቆውን ከግድግዳ ያወርዳል፣ የደጋኑን ጭራ ዕጣን እያሸ ወደዚያ ጠረጴዛ ይሄዳል።