የሳይንስ ልብ ወለድ ምሳሌ በሃይማኖት ትምህርት ውስጥ ምንድን ነው?

ለአእምሮ የሚከብድን የሃይማኖት ነገር፣ ገና ባልተሠራ የኅዋ መንኮራኩር ወይም ሰው ባልደረሰበት ፍጥነት መስሎ ማስረዳት የሳይንስ ልብ ወለድ ምሳሌ ይባላል። መንገዱ ለእኛ እንግዳ አይደለም፤ መምህራኖቻችን የሥላሴን አንድነትና ሦስትነት በፀሐይ ክበብ፣ ብርሃንና ሙቀት ሲያስረዱ ኖረዋል። ፀሐይን ግን ሁሉም ያያታል፤ መንኮራኩሩን አድማጩ ራሱ በሐሳቡ መሥራት አለበት።

በእንጦጦ ተራራ፣ 3,200 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ፣ የ1 ሜትር መስታወት ያላቸው ሁለት ቴሌስኮፖች ያሉት የኅዋ መመልከቻ አለ። ከተራራው ግርጌ የማስተምራቸው የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ስለ ከዋክብት መጠየቅ ስለሚወዱ፣ ተረፈ ባሮክ በተባለው መጽሐፍ የተጻፈውን፣ የነቢዩ ኤርምያስን ወዳጅ የአቤሜሌክን ታሪክ በዚሁ ምሳሌ ጀመርሁላቸው። አቤሜሌክ በለስ ሊያመጣ ወጥቶ ከዛፍ ጥላ ሥር 66 ዓመት ተኛ፤ ሲነቃ ራሱ ገና ከብዶት ጥቂት ጨምሮ መተኛት አምሮት ነበር፣ የበለሱም ወተት አሁን እንደተቀጠፈ ይንጠባጠብ ነበር።

አንስታይን በ1905 እ.ኤ.አ. ባወጣው ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ በብርሃን ፍጥነት 99.5 በመቶ በሚበር መንኮራኩር ውስጥ 1 ዓመት ሲያልፍ በምድር ላይ 10 ዓመት ያህል ያልፋል። ስለዚህ ጊዜ ለሁሉም እኩል አይሄድም ማለት ከንቱ ንግግር አይደለም፤ ምሳሌው የሚያስረዳን ይህን ብቻ ነው። በዚህ ፍጥነት እንኳ የአቤሜሌክ 66 ዓመት ስድስት ዓመት ከመንፈቅ ይሆናልና በለሱ መድረቁ አይቀርም ነበር።

የምፈራው ምሳሌው የነገሩን ቦታ እንዳይወስድ ነው። አንድ ተማሪ «ሺህ ዓመት በፊትህ እንደ ትናንት ቀን» የሚለውን የመዝሙረ ዳዊት ቃል ይዞ፣ ሺህ ዓመት አንድ ቀን የሚሆንበትን ፍጥነት በደብተሩ ሊያሰላ ጀመረ። ልፋቱ ደስ ቢለኝም አስቆምሁት፤ መንኮራኩር የቱንም ያህል ቢፈጥን በጊዜ ውስጥ ነው፣ እግዚአብሔር ግን የጊዜ ፈጣሪ እንጂ ፈጣን ተጓዥ አይደለም። ሊቃውንቱ «ምሳሌ ዘየሐጽጽ» የሚሉት፣ ጎዶሎ ምሳሌ ማለታቸው፣ እንዲህ ላለው ነው።

ከዚያ ወዲህ ምሳሌ በሰጠሁ ቁጥር የት ላይ እንደሚያልቅ ልጆቹ ራሳቸው እንዲነግሩኝ አደርጋለሁ። በአቤሜሌክ ምሳሌ ጊዜ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ መንኮራኩሩ እኮ የሄደ ነው፤ አቤሜሌክ ግን ከዛፉ ሥር አልተነሣም» አለችኝ።