ነዳጁ ወደ ሰማይ አልተረጨም፦ ስለ ድሬክ ጉድጓድ ሙዚየም የሚነገሩ ስሕተቶች

በአሜሪካ የፔንሲልቬንያ ግዛት፣ ከፒትስበርግ በስተሰሜን የሁለት ሰዓት ያህል የመኪና መንገድ ርቃ ታይተስቪል የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ ኦይል ክሪክ በተባለው ወንዝ ዳር፣ እ.ኤ.አ. ኦገስት 27 ቀን 1859 ነዳጅ ተገኘ። እኛ አገር ዐፄ ቴዎድሮስ በዙፋን ላይ ነበሩ። ቦታው ዛሬ ሙዚየም ነው። ወደዚያ የሚሄድ ሰው ከፊልም የቀሰመውን ሁሉ ተሸክሞ ነው የሚገባው።

«ነዳጁ እንደ ፏፏቴ ተረጨ»

አልተረጨም። ጉድጓዱ 21 ሜትር ብቻ ነበር። የሥራው ኃላፊ ኤድዊን ድሬክ፣ ቆፋሪው ደግሞ «አጎቴ ቢሊ» እየተባለ የሚጠራው አንጥረኛ ዊልያም ስሚዝ ነበር። ቅዳሜ ዕለት መሰርሰሪያው ስንጥቅ ውስጥ ገባ፤ ሠራተኞቹም እንደ ወትሮው ሥራ አቁመው ለሰንበት ዐረፉ። በማግስቱ ስሚዝ ጎንበስ ብሎ በቱቦው አፍ ቁልቁል ቢያይ፣ ውኃው ላይ ጥቁር ነገር ሰፍፏል። በቃ፣ ታላቁ ግኝት ይኸው ነው። ነዳጁን በእጅ ፓምፕ እየቀዱ የገላ መታጠቢያ ገንዳ ውስጥ አጠራቀሙት። ወደ ሰማይ የሚተፉት ጉድጓዶች የመጡት ከዚያ በኋላ ነው። ስለዚህ በግቢው እንደ ጥንቱ ተደርጎ የተሠራውን የእንጨት ማማና የሞተር ቤት ስታዩ፣ «ይህቺው ናት?» ብላችሁ ቅር አይበላችሁ።

«የዓለም የመጀመሪያው የነዳጅ ጉድጓድ ነው»

አይደለም። ባኩዎች (በዛሬዋ አዘርባጃን) በ1840ዎቹ፣ ፖላንዶች ቦብርካ ላይ በ1854፣ ካናዳውያን ኦንታሪዮ ውስጥ በ1858 ቀድመዋል። ቻይናውያንማ ከእነዚህ ሁሉ ብዙ ክፍለ ዘመን በፊት ነው በቀርከሃ ይቆፍሩ የነበሩት። እዚያው ኦይል ክሪክ ሸለቆ እንኳ ነባር ሕዝቦች ጉድጓድ እያበጁ፣ ከመሬት የሚመነጨውን ነዳጅ ይሰበስቡ ነበር።

የድሬክ ብልኃት ሌላ ነው። በቆፈረ ቁጥር ውኃና አሸዋ እየተናደ ጉድጓዱን ይደፍንበታል። እሱም የብረት ቱቦ ወደ 10 ሜትር ጥልቀት፣ ዐለቱ ድረስ እየቀጠቀጠ አስገባና በቱቦው ውስጥ መሰርሰሩን ቀጠለ። በሙዚየሙ ውስጥ ልብ ብላችሁ ማየት ያለባችሁ ይህንን ቱቦ ነው፤ እኔ እንደሚመስለኝ ከማማው ይልቅ ሊወራለት የሚገባው እሱ ነበር።

«ኮሎኔል ድሬክ ከበርቴ ሆነ»

ኮሎኔልም አልነበረም፤ አልከበረምም። ቀድሞ በባቡር ላይ ትኬት ተቆጣጣሪ ነበር። ማዕረጉን የሰጠው የጦር ሠራዊት ሳይሆን ድሬክን የቀጠረው ኩባንያ ባለአክሲዮን ጄምስ ታውንሴንድ ነው፦ የአገሬው ሰው እንዲያከብረው ብሎ በሚልክለት ደብዳቤ ፖስታ ላይ «ለኮሎኔል ድሬክ» እያለ ይጽፍ ነበር። ድሬክ የቱቦውን ዘዴ በስሙ አላስመዘገበም፤ ያጠራቀመውንም በአክሲዮን ንግድ አጣ። በመጨረሻ በ1873 የፔንሲልቬንያ መንግሥት በዓመት 1,500 ዶላር ጡረታ ቆረጠለት።

«በታዋቂው ፎቶግራፍ ላይ ያሉት ድሬክና አጎቴ ቢሊ ናቸው»

ረጅም ባርኔጣ ያደረገው ድሬክ ነው። አብሮት የቆመው ግን ወዳጁ ፒተር ዊልሰን፣ የከተማዋ መድኃኒት ሻጭ ነው። ከኋላቸው ያለው ማማም የመጀመሪያው አይደለም፤ ያኛው ነዳጁ በተገኘበት ዓመት፣ በኦክቶበር ወር ተቃጥሏል።

«ነዳጁ የተፈለገው ለመኪና ነበር»

መኪና የት ነበረና? የተፈለገው ላምባ ነው። በኩራዝ ብርሃን ያጠና ሰው ነገሩን ከማንም በላይ ይረዳል። ድፍድፉ ሲጣራ አብሮ የሚወጣው ቤንዚን እምብዛም ገዢ ስላልነበረው ብዙውን ጊዜ ይደፋ ነበር።

«ፒትሆል ላይ ቤቶቹን እናያለን»

ፒትሆል በዚያው አካባቢ፣ በሙዚየሙ ሥር የሚተዳደር የጠፋ ከተማ ቦታ ነው። በጃንዋሪ 1865 ነዳጅ ተገኘ፤ በሜይ የከተማው ቦታ ተሸነሸነ፤ በሴፕቴምበር 15,000 ያህል ሰው ሰፈረበት። ከ50 በላይ ሆቴሎች ነበሩት። ነዳጁን በበርሜል የሚያጓጉዙት ባለጋሪዎች ዋጋ ቢቆልሉ፣ ሳሙኤል ቫን ሲክል 8 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆን ቱቦ ዘረጋ፤ እንጀራቸው የተነካባቸው ባለጋሪዎችም ቱቦውን እየሰበሩ አስቸገሩት። ከዚያ ጉድጓዶቹ ነጠፉ፣ እሳትም ተደጋገመ። በ1866 መጨረሻ 2,000 ሰው ገደማ ቀረ፤ በ1877 የከተማነት መብቱ ተሰረዘ።

ዛሬ አንድም ቤት አታገኙም። የከተማው ሞዴል በጎብኚዎች ማዕከል ውስጥ አለ፤ መጀመሪያ እሱን እዩ፤ ያለዚያ ሜዳው ሜዳ ብቻ ይሆንባችኋል። ውጭ ሣሩ የሚታጨደው የጥንቶቹን መንገዶች መስመር ተከትሎ ነው። በሆልምደን ጎዳና ስትወርዱ ግራና ቀኛችሁ የቤት መሠረት ጉድጓዶች ናቸው። በጠዋት የምትሄዱ ከሆነ ሣሩ ጤዛ ይይዛልና ውኃ የማያስገባ ጫማ አድርጉ።